ቆራሌው ከመድረሱ በፊት

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ በኩል ከሚገኙ ግቢዎች ወደ አንዱ በእንግድነት በሄድንበት ቀን ዓይናችን አንድ ያልጠበቅነው ነገር ላይ አረፈ። ከኮምፔንሳቶና ከላሜራ የተሠራ፣ በርና መስኮት ያለው፣ በሁለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ቤት ነበር። ጎማዎቹ አየር ከለቀቁ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ከሥሩ ዶሮዎች ተጠልለዋል፤ በመጎተቻ ዘንጉ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። በመንገድ ሥራ ሠፈሮች «ካራቫን» እየተባለ የሚጠራው፣ በመኪና እየተጎተተ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረው ቤት መሆኑ ነው። ከበሩ አጠገብ በቀለም ላይ ቀለም የተለቀለቀች፣ መዳፍ የማትሞላ የብረት ሰሌዳ ተመትታለች። የአምራቹ ስምና የተሠራበት ዓመት በዚያች ሰሌዳ ላይ ሳይኖር እንደማይቀር ገመትን። ቀለሙን የሚያለሰልስ ነገርና ካሜራ ይዘን በሚቀጥለው ሳምንት ልንመለስ ተስማማን።

እንደ ቃላችንም ተመለስን። ቤቱ ግን አልነበረም። የግቢው ጠባቂ የነበሩት አዛውንት «ልጆቼ፣ ትናንት ብትመጡ ታገኙት ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ቆራርጠው በኪሎ መዝነው ወሰዱት» አሉን። የቀረው ሣሩ የገረጣበት አራት ማዕዘን መሬትና ጥቂት የዛጉ ቡሎኖች ብቻ ነበሩ። ሰሌዳዋም አብራ ሄዳለች። ቤቱን ማን ሠራው? በየትኛው መንገድ መጣ? የትኛው መሐንዲስ፣ የትኛው ቀያሽ፣ የትኛው ሹፌር አደረበት? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ጠዋት መልስ አልባ ሆነው ቀሩ። ጥፋቱ የቆራሌው አይደለም፤ እርሱ ሥራውን ሠርቷል። የግቢው ባለቤትም አይደለም፤ ያረጀ ንብረቱን ሸጧል። ጥፋቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ያልነው የእኛ ነው።

ይህን አስተያየት እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ የገረጣ መሬት ነው። በሌሎች አገሮች አሮጌ ካራቫኖችን ፈልጎ ማግኘት፣ ዕድሜያቸውን መርምሮ ማወቅ፣ ጠግኖና ተንከባክቦ ማቆየት ብዙዎች የሚወዱት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ወሬው ወደ እኛ ሲደርስ «የጠገበ ሰው ጨዋታ» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን የዚህ ጨዋታ ዋና ቁም ነገር መግዛቱና ማስጌጡ ሳይሆን ማየቱና መመዝገቡ ነው እንላለን። ማየትና መመዝገብ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ላለው ተማሪ ሁሉ ክፍት ነው፤ ከዚያም አልፎ የሳይንስ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ከዓሣ ማርቢያ የተገኘው የጠፈርተኞች ቤት

በመኪና የሚጎተት ቤት በስፋት የታወቀው አውቶሞቢል ለተራው ሰው መዳረስ በጀመረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ታምፓ ከተማ ላይ መንገደኞች ተሰባስበው ስሙ «የቆርቆሮ ጣሳ ጎብኚዎች» የሚል ትርጉም ያለው ማኅበር አቋቋሙ። የዚያ ዘመን ተጎታች ቤቶች በአብዛኛው ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ ስለነበሩ ለዝናብና ለመበስበስ የተጋለጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሆውሊ ቦውለስ የተባለ ሰው ለዚህ ችግር ከአውሮፕላን ሥራ መፍትሔ አመጣ። ቦውለስ ሞተር አልባ አውሮፕላኖችን የሚሠራ ባለሙያ ሲሆን፣ ቻርልስ ሊንድበርግ ብቻውን አትላንቲክን ያቋረጠበት አውሮፕላን በተሠራበት ፋብሪካ የሥራው ኃላፊ ነበር። የአውሮፕላን አካል በሚሠራበት ዘዴ ስስ የአሉሚኒየም ላሜራዎችን በሪቬት እያያያዘ ካራቫን ሠራ። እንቁላል በቅርፊቱ እንደሚጸና ሁሉ፣ የዚህ ቤት ጥንካሬም ከውስጥ ከተተከለ ከባድ ምሰሶ ሳይሆን በአብዛኛው ከውጭው ቅርፊት የሚገኝ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋሊ ባያም ያቋቋመው የኤርስትሪም ኩባንያ በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ «ክሊፐር» የተባለውን ካራቫን አወጣ።

ዛሬ የእነዚህ ቤቶች ፈላጊዎች በእርሻ መጋዘንና በተዘጋ ጋራዥ ጓሮ ሲዞሩ ይውላሉ። ከተገኙት ሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከጠፈር ታሪክ ጋር የተያያዘው ነው። በሐምሌ 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ከጨረቃ ሲመለሱ፣ ያልታወቀ ተሕዋስ ይዘው መጥተው እንዳይሆን በመሥጋት ከሰው ተለይተው እንዲቆዩ ተደርጓል። የቆዩበትም የመጀመሪያ ቤት ጎማው ወልቆ፣ አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ የተሻሻለ የኤርስትሪም ካራቫን ነበር። በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ዝቅ ተደርጎ ስለሚያዝ፣ ድንገት ቀዳዳ ቢፈጠር እንኳ አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባ እንደሆነ እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ አይወጣም። ቀላል የፊዚክስ ሕግ ለሰው ልጅ ሁሉ ዘብ ቆመ ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች በድምሩ አራት ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ ለአፖሎ 12 ያገለገለው ቤት የት እንደደረሰ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተገኘው በአላባማ ግዛት፣ ማሪዮን በተባለች ከተማ፣ በአንድ የዓሣ ማርቢያ ግቢ ውስጥ ነበር። ሰውን ጨረቃ ላይ ያወጣች አገር እንኳ ከጨረቃ የመጡ ሰዎች ያረፉበትን ቤት በዓሣ ማርቢያ ጥግ ረስታዋለች። በሐይቅ ዳር ለምንኖር ለአርባ ምንጭ ሰዎች ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። አንድ ዕቃ ከአገልግሎት ውጭ በሆነበትና ታሪክ በሚሆንበት ዘመን መካከል የሚቆይበት፣ ማንም የማያየው አደገኛ ጊዜ አለ። ብዙው የሚጠፋው በዚያ ጊዜ ነው።

በአገራችን ያለፈው የካራቫን ሰልፍ

ካራቫን ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋሊ ባያም ራሱ እየመራው ከአርባ የሚበልጡ ካራቫኖች ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ተነሥተው ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመሩ። ሰልፉ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በአስቸጋሪ መንገድ እስከ አዲስ አበባ ተጉዟል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሰልፉ ካይሮ ደረሰ።

በዚያ ጊዜ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ገና ጨንቻ ነበረች፤ ዋና ከተማነቱ ወደ አርባ ምንጭ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሰልፉ ባለፈበት የደቡብ መንገድ ዳር ቆመው፣ የሚያብረቀርቁ ቤቶች ተከታትለው ሲያልፉ በልጅነት ዓይናቸው ያዩ ሰዎች ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ተጓዦቹ ያዩትን በፊልምና በፎቶግራፍ አስቀርተዋል። የእኛ ሰዎች ያዩት ግን በአእምሯቸው ብቻ ነው ያለው። ያን ትዝታ ለመጠየቅ የቀረን ጊዜ ረጅም አይደለም።

የእኛው ተንቀሳቃሽ ቤት

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ስለ ተንቀሳቃሽ ቤት ስንናገር አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ የዶርዜዎችን ቤት እናገኛለን።

የዶርዜ ቤት በሽመና የተሠራ ቤት ነው። የተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተሸምኖ ይቆማል፤ ከላይ የእንሰት ቅጠልና የቀርከሃ ልባስ ይደረብበታል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ዘመን እየቆጠረ ሲሄድ የታችኛውን ጠርዝ ምስጥና እርጥበት ይበሉታል፤ የተበላው ክፍል ይቆረጣል፤ ቤቱም ከዓመት ወደ ዓመት ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱ ቁመት እንደ ሰዓት ነው፤ ረጅሙ ወጣት፣ አጭሩ ሽማግሌ መሆኑን ከሩቅ መገመት ይቻላል። ቦታው አልስማማ ሲል ደግሞ ግድግዳው ዙሪያውን በቀርከሃ ታስሮ ይጠናከርና፣ ብዙ ሰዎች ተጋግዘው ከመሬት አንሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ያዛውሩታል። ጎማ የለውም፤ የሚጎትተውም ጎረቤት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ቦውለስ በአሉሚኒየም፣ የዶርዜ ባለሙያ በቀርከሃ የደረሱበት መልስ አንድ ነው፤ ቤት እንዲንቀሳቀስ ከተፈለገ ክብደቱን ቀንስ፣ ጥንካሬውን ለቅርፊቱ ስጠው የሚል ነው። የመጀመሪያውን መልስ ሰብሳቢዎች በሙዚየም ሲያስቀምጡት፣ ሁለተኛው ቀስ በቀስ ለቆርቆሮ ክዳን ቤት ቦታውን እየለቀቀ ነው። ቆርቆሮ የሚመርጠውን ሰው አንወቅስም፤ ምቾትን የመምረጥ መብት አለው። የምንጠይቀው ስለ አሮጌው ቤት የምናውቀው በቁጥር ተጽፎ እንዲቀር ብቻ ነው። አንድ ቤት ምን ያህል ይመዝናል? ሲዛወር የሚሸከሙትን ሰዎች መቁጠር መልካም መነሻ ነው። እያንዳንዱ ሰው 25 ኪሎ ቢያነሣ 40 ሰው 1,000 ኪሎ ያነሣል። የዚህ ዓይነቱን ሒሳብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በቦታው ቆሞ ሊሠራው ይችላል።

በሌላውም የአገራችን ክፍል ተራ የሚመስል ዕቃ ታሪክ ሲሸከም አይተናል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ዋገን ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ አሮጌ ቮልሶችን የሚንከባከቡ ሰዎች መኪናውን ብቻ ሳይሆን የአንድ ዘመን ትዝታ ይዘው ያቆያሉ። የንጉሠ ነገሥቱ የባቡር ፉርጎዎችም በለገሃር ለብዙ አሥርት ዓመታት ሊቆዩ የቻሉት የሚጠብቃቸው ሰው ስለነበረ ነው።

«አገሪቱ ብረት ያስፈልጋታል»

ለዚህ አስተያየት የሚሰጠውን መልስ አስቀድመን እናውቀዋለን። «አገሪቱ ብረት ያስፈልጋታል፤ ያረጀ ካራቫን ከሚዝግ ቀልጦ ፌሮ ቢሆን አይሻልም?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ከባድ ነው፤ ልናቃልለው አንሻም። አሉሚኒየምን ከማዕድኑ ከማውጣት ይልቅ ያገለገለውን ማቅለጥ 95 ከመቶ ያህል ኃይል ይቆጥባል። ለብረትም ቢሆን ቁጠባው ትንሽ አይደለም። ቆራሌው ሳያውቀው የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ይጠበቅ አንልም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ በየግቢው ቆሻሻ ከመከመር አያልፍም። የምንለው በሦስት ደረጃ ሊከፈል ይችላል። አንደኛ፣ የተገኘው ሁሉ ይመዝገብ፤ ይህ የሚጠይቀው ግማሽ ሰዓትና አንድ የደብተር ገጽ ነው። ሁለተኛ፣ ከሚቀልጠው ላይ የአምራቹ ሰሌዳ፣ አንድ መቆለፊያ፣ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በባለቤቱ ፈቃድ ይቅር፤ ከቶን ብረት ላይ ሁለት ኪሎ ቢጎድል ማቅለጫው አይጎዳም። ሦስተኛ፣ ከብዙዎቹ መካከል በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ አንድ ተመርጦ በሙሉ አካሉ ይጠበቅ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በሥራ ላይ ያለ ቢሆንም፣ የዶሮ ቤት የሆነን ካራቫን በቅርስነት አስቦ የሚመጣ ባለሥልጣን መጠበቅ የዋህነት ነው። ይህ ዓይነቱ ሥራ በተፈጥሮው የፈቃደኞች ነው። በሌሎች አገሮችም የተጀመረው ከመንግሥት ሳይሆን ከወዳጆቹ ነው።

የደብተሩ አንድ ገጽ

ታዲያ በዚያች ግማሽ ሰዓት ምን ይታያል? ከሁሉ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ሳይፈቀድ መግባትና ክፍል ማንሣት ምዝገባ ሳይሆን ስርቆት ነው። ለረጅም ጊዜ የተዘጋ ካራቫን የእባብና የተርብ ማደሪያ ሊሆን ስለሚችል በሩ በጥንቃቄ ይከፈት። አሮጌ ቀለም ሊድ ሊኖረው ስለሚችል ደግሞ በደረቁ አይፈቅፈቅ፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ይገባልና።

ከዚያም ቡሎኖቹ ይሞከሩ። የሚሊሜትር ቁልፍ በልኩ ከያዛቸው ዕቃው ከአውሮፓ አህጉር መምጣቱ ይገመታል፤ የኢንች ቁልፍ ከሆነ ወደ እንግሊዝ ወይም አሜሪካ ሥራ ያመለክታል። በጎማው ጎን ላይ የሚገኙት የመጨረሻዎቹ አራት አኀዞች፣ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ከሆነ፣ ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፤ ለምሳሌ 2304 ማለት በ2004 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማ ስለሚቀየር ይህ የቤቱን ልደት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ የተጓዘበትን ዘመን ለመገመት ይረዳል። የተሰበረ ቀለም ጠርዝ በማጉያ መነጽር ሲታይ ንብርብሮቹ ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ ንብርብር ቤቱ ባለቤት ወይም ሥራ የቀየረበት ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የዝገቱም ቦታ ይናገራል። አሉሚኒየም በራሱ ላይ ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚፈጥር ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ከብረት ሻንሲ ጋር በሚገናኝበት ቦታ እርጥበት ሲገባ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ተጎጂውም አሉሚኒየሙ ይሆናል። ይህን በክፍል ውስጥ በኤሌክትሮኬሚስትሪ ትምህርት ተምረነዋል፤ በአሮጌ ካራቫን ወለል ሥር ግን በዓይናችን እናየዋለን። ሞቃታማው አርባ ምንጭና ብርዳማው ጨንቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ቢለያቸውም የአየር ጠባያቸው እጅግ ይለያያል። አንድ ዓይነት ብረት በሁለቱ ቦታዎች እንዴት ይዝጋል የሚለው ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

የመጎተቻ ዘንጉም ፊዚክስ ያስተምራል። አንድ ካራቫን ያለ ሥጋት እንዲጎተት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆነው በመኪናው ማያያዣ ላይ ማረፍ አለበት። ጭነቱ ከአክስሉ ወደ ኋላ ከበዛ ቤቱ በፍጥነት ሲሄድ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ የት እንደተቀመጠ ማየት የሠሪውን ሒሳብ ማንበብ ነው።

በመጨረሻም ሰው ይጠየቅ። ብረት የማይናገረውን ሹፌርና ዘበኛ ይናገራሉ። «ይህ ቤት መቼ መጣ? ማን ይተኛበት ነበር? ለምን ቆመ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ብዙ በር ይከፍታሉ። የሚገኘው መልስ ከሰሌዳውና ከቡሎኑ ጋር ይመሳከር፤ ሲጋጭም ሁለቱም ይጻፉ።

ከቆራሌው ጋር ብንስማማስ?

እንግዲህ ሐሳባችንን ወደ ተግባር እናምጣው። በየትምህርት ቤቱና በየፋኩልቲው ያሉ የሳይንስ ክበባት አንድ የአሮጌ ዕቃዎች መዝገብ ይክፈቱ። ካራቫን፣ የዶርዜ ቤት፣ የቆመ የውኃ ፓምፕ፣ የድሮ ወፍጮ ሁሉ ይግባበት። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ፣ ሁለት ፎቶግራፍ፣ የተመዘገበበት ቀን ይኑረው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ሐሳባችን ምናልባት ያስቅ ይሆናል፤ እኛ ግን አምነንበታል። በየቀኑ በየግቢው በር የሚያንኳኳ፣ የትኛው ጓሮ ውስጥ ምን እንዳለ ከማናችንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ቆራሌው ነው። እኛ ለዓመታት ዞረን የማናገኘውን እርሱ በአንድ ወር ያየዋል። ጠላታችን አድርገን ከምናየው ይልቅ ለምን አጋራችን አናደርገውም? ክበባት ከየአካባቢያቸው ቆራሌዎችና ብረት ገዢዎች ጋር ይነጋገሩ፤ ሰሌዳ ያለው ወይም ያልተለመደ ዕቃ ሲያገኙ ከመቁረጣቸው በፊት አንድ ቀን እንዲታገሡና እንዲደውሉ ይጠይቁ። ለድካማቸው የሻይ መጠጫ ቢሰጣቸው ያንሳል እንጂ አይበዛም። ብረቱ የእነርሱ ነው፤ ታሪኩ የሁላችን ይሁን።

ያን ቀን በሲቀላ ያ ጠባቂ አዛውንት ስልክ ቁጥራችን ቢኖራቸው ኖሮ ሳይደውሉልን የሚቀሩ አይመስለንም። ቁጥራችንን አልሰጠናቸውም፤ እነርሱም እንድንጠይቃቸው አልጠየቁንም። ዛሬ በዚያ ግቢ የገረጣው ሣር እንደገና ለምልሟል፤ አንድ ቤት እዚያ ቆሞ እንደነበር የሚያመለክት ምልክት የለም። ስለ እርሱ የቀረው ይህ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሠሪውን ስም አልያዘም። ውድ አንባብያን፣ በእናንተ ሠፈር የቆመው ግን ምናልባት እስከ ዛሬ እዚያው አለ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይሆን ነገ።